ርካሽ ገጀራ ስትገዙ፦ የባሌስትራው፣ የቻይናው ወይስ የብራዚሉ? ደሞስ በምን ይሳላል?

ርካሽ ገጀራ ከነሞረዱ ነው የሚገዛው። ገጀራውን ብቻ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ግማሽ እቃ ነው የገዛው፣ ምክንያቱም ርካሽ ገጀራ ከፋብሪካም ይምጣ ከአንጥረኛ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለቱ በደንብ ሳይወጣለት ነው ገበያ የሚወጣው፣ ጠርዙ ላይ ቀለም ወይ ቫርኒሽ ተቀብቶበት የሚመጣም አለ፣ እና ሰውየው ወስዶ አንድ ቁጥቋጦ ይመታበትና "ድሮም ቻይና!" ብሎ ጥግ ላይ ይጥለዋል። ብረቱ ምንም አላጠፋም፣ አልተሳለም እንጂ። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ በጀታችሁን ለሁለት ከፍላችሁ አስቡ፣ ከገጀራው ቀነስ አድርጋችሁ ለደህና ሞረድ ጨመር። በደንብ የተሳለ ርካሽ ገጀራ ካልተሳለ ውድ ገጀራ ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም።

ምን ልትቆርጡ ነው?

በመጠን ልጀምር። ቀላልና ልምጭ የሆነ ነገር ለመመንጠር ከሆነ፣ ሳር፣ ሐረግ፣ የወፍ ቆሎ፣ ከቡና ለቀማ በፊት ጅማና ከፋ አካባቢ ቡናው ስር የሚመነጠረው ቁጥቋጦ፣ እንደዚህ አይነቱ ነገር ሲመታ ይሸሻል። የሚቆርጠው የብረቱ ክብደት አይደለም፣ ፍጥነቱና ስለቱ ነው። ቀጭን፣ ቀለል ያለና ረዘም ያለ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት፣ ከ45 እስከ 55 ሳንቲም ርዝመት። ከባድ ገጀራ ይዛችሁ ሳር ውስጥ ከገባችሁ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ትከሻችሁ ይነግራችኋል።

እንጨት ከሆነ ግን ሌላ ነው። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ መመልመል፣ የአጥር እንጨት ማሾል፣ ማገዶ ማሳነስ፣ እዚህ ላይ ክብደት ይሰራላችኋል፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲም ሆኖ ወፈር ያለ፣ በተለይ ወደ ጫፉ ሰፋና ከበድ የሚለው አይነት። ከክንድ የወፈረ ግንድ ከሆነ ደሞ ይሄንን ጽሑፍ ተዉትና መጥረቢያ ወይ መጋዝ ያዙ፣ በገጀራ ግንድ መቁረጥ ይቻላል፣ ብቻ ምን አደከማችሁ።

ስለ ቅርፅ ብዙ አልልም። ሻጮች አስር አይነት ስም ይሰጡታል ግን ቀጥ ያለው፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ ወደ ጫፉ ትንሽ የሚዞረው፣ ለሁሉም ይሆናል፣ ለመሳልም እሱ ነው የሚቀለው። ወደ ውስጥ የጎበጡ ቅርፆች ሲቆርጡ ያምራሉ ግን በጠፍጣፋ ሞረድ ጎባጣው ውስጥ መግባት አስቸጋሪ ነው። የሸንኮራ ገጀራ ለብቻው የሚታይ ነው፦ አጭር፣ በጣም ሰፊ፣ አንዳንዱ ከጀርባው በኩል ቅጠል መግፈፊያ መንጠቆ ያለው። ሸንኮራ ስኳሩ በብዛት የሚገኘው ከታች ከመሬት ጋር በሚያያዘው ክፍል ስለሆነ ቆራጩ መሬቱን ታክኮ ነው የሚመታው፣ ድንጋይና አፈር የሚያገኘውም እዛው ነው፣ ስለዚህ ስለቱ ቶሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር ያመረተችው ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ለጓሮ ስራ ግን የሸንኮራውን አትግዙ።

የባሌስትራው

ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነው አንጥረኛ የሰራው ነው። ጥሩው ከመኪና ባሌስትራ ይሰራል፣ እና ባሌስትራ ቀልድ ብረት አይደለም፣ ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው፣ ክሮሚየም ወይ ሲሊከንና ማንጋኒዝ ይጨመርበታል፣ አይሱዙ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ኮረኮንች ላይ ሲዘል ጎብጦ እንዲመለስ ተብሎ የተሰራ ነው። አንጥረኛው በወናፍ አግሎ ቀጥቅጦ ያቀጥነዋል፣ ከዛ ጠርዙን ለማጠንከር አግሎ ውሃ ወይ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፣ እና የገጀራው ዕጣ የሚወሰነው በዚችው ቅፅበት ነው። በውሃ ብቻ ነክሮ መልሶ ትንሽ ሳያሞቀው ከተወው ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል። ጨርሶ ካልነከረው ደሞ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይተጣጠፋል። ስራውን የሚያውቅ አንጥረኛ ግን ከየትኛውም ፋብሪካ የማያንስ እቃ ይሰጣችኋል፣ በተለይ ለእንጨት፣ ምክንያቱም ወፈርና ከበድ ይላል። (እነዚህ ሰዎች ማረሻችንንም ማጭዳችንንም ሲሰሩልን ኖረው እኛ ደሞ ስንሰድባቸው ነው የኖርነው፣ ዐፄ ምኒልክ ሳይቀሩ ባለሙያ አትስደቡ ብለው አዋጅ አውጥተዋል። ስድቡ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ያሳፍራል።)

የዚህ ምርጫ ችግሩ አንዱ ከአንዱ አለመመሳሰሉ ነው። ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ሁለት ገጀራዎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ችግር "ባሌስትራ ነው" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ባሌስትራ አለመሆኑ ነው፣ ከላሜራ ወይ ከተራ ብረት ተቆርጦ የተሞረደም አለ። እንደዛ ያለው ብረት ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ አግላችሁ ብትነክሩትም አይጠነክርም፣ ሲገዛ ያብረቀርቃል፣ ማታ ደንዟል።

ከቻይና የሚመጣው

ይሄኛው በየሱቁ ያለው ነው፣ ፕላስቲክ ወይ እንጨት እጀታ፣ ጥቁር ወይ ቢጫ ቀለም፣ ላዩ ላይ የአውሬ ስዕል። ዋጋው ደስ ይላል። ጥራቱ ከጭነት ጭነት ይለያያል፣ አንዳንዱ በእውነት ደህና ነው፣ አንዳንዱ ቆርቆሮ ነው፣ እና ከውጪ አይታችሁ መለየት አትችሉም። ስዕሉን ግን አትመኑ። አዞውን ለምሳሌ ታዋቂ ያደረገው ማርቲንዴል የሚባል እ.ኤ.አ. በ1874 በርሚንግሃም ውስጥ የተቋቋመ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፣ ወደ አፍሪካ ብዙ ገጀራ ልኳል፣ ዛሬ ግን አዞ መሳል ማንም ይችላል።

እኔ ሳር ለሚመነጥር ሰው ይሄንኛውን ነው የምመክረው፣ ከታች ያለውን ፈተና ካለፈ። ቀጭን ስለሆነ እጅ አያደክምም፣ ለስለስ ስለሚል በሞረድ ቶሎ ይሳላል፣ ቢጠፋም ቢሰረቅም ልብ አይሰብርም።

የላቲን አሜሪካዎቹ

በአለም ላይ "ርካሽ ግን ጥሩ" ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የብራዚሉ ትራሞንቲና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል በሚባለው የብራዚል ግዛት ውስጥ እንደ ትንሽ የብረት ስራ ቤት የተጀመረ። ከኤል ሳልቫዶር ደሞ ኢማካሳ አለ። የነዚህ ልዩነት የብረቱ ተአምር አይደለም፣ ትራሞንቲና የሚጠቀመው ካርቦኑ 0.7 በመቶ ገደማ የሆነ ተራ የካርቦን ብረት ነው። ልዩነቱ ሁሉም አንድ አይነት መሆኑ ነው፣ አንዱን ከገዛችሁ አስሩን አወቃችሁ። ስለቱ ግን እነሱም ጋ ሙሉ ሆኖ አይመጣም፣ እጀታውም ሸካራ ነው። ውጭ ያላችሁ በኢንተርኔት በቀላሉ ታገኙታላችሁ። እዚህ ካገኛችሁት እና ዋጋው ከባሌስትራው ብዙ ካልራቀ ውሰዱት፣ ሶስት አራት እጥፍ ከሆነ ግን ተዉት፣ ልዩነቱ እሱን ያህል አይደለም።

ስለ ልስላሴ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታልና። ሻጭ "በጣም ጠንካራ ብረት ነው" ሲላችሁ ለገጀራ ይሄ ሙገሳ አይደለም። ደህና የወጥ ቤት ቢላ በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) 56 እና ከዛ በላይ ይሄዳል፣ ገጀራ ግን 50 እና 54 መሀል ቢሆን ነው የሚመረጠው፣ ምክንያቱም ቢላ ሽንኩርት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ገጀራ ግን ሳር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይና የአጥር ሽቦ ላይ። ጠንካራው ሲያገኘው ይሸረፋል፣ ለስለስ ያለው ይታጠፋል ወይ ይጎደጉዳል፣ የታጠፈውን በአምስት ደቂቃ ሞረድ ትመልሱታላችሁ፣ የተሸረፈው ግን ግማሽ ቀን ይበላችኋል። ሞረድ ራሱ ከ60 በላይ ስለሆነ ከ54 በታች ያለውን ብረት ይበላዋል፣ ከሱ እየተጠጋ ያለውን ግን ማሳ ዳር ቁጭ ብላችሁ አትስሉትም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁን አስፈቅዱና ጠርዙ ላይ፣ እጀታው አጠገብ ማንም የማያይበት ቦታ፣ አንዴ ገፋ አድርጉት። ሞረዱ ምንም ሳይነክስ ሽርርር ብሎ ካለፈ ከመጠን በላይ ጠንክሯል። ያለ ምንም ትግል ጥልቅ ብሎ ከገባና ወፍራም ብናኝ ካወጣ ላሜራ ነው። የምትፈልጉት ነከስ አድርጎ ግን እየታገለ የሚሄደውን ነው፣ ሁለት ሶስት ገጀራ ላይ ከሞከራችሁ ልዩነቱን እጃችሁ ይለየዋል። ባለሱቁ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ፣ መርካቶ ሰፊ ነው። ምናለሽ ተራ አካባቢ ደሞ የሰራውን ሰው ራሱን ልታገኙት ስለምትችሉ ከምን እንደሰራው ፊት ለፊት ትጠይቁታላችሁ።

ከዛ ጫፉን እንጨት ወይ መሬት ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት፣ ቀጭኑ ከሆነ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ስትለቁት ቀጥ ማለት አለበት። ጎብጦ ከቀረ በቃ ቻው። ወፍራሙ የባሌስትራ ስለማይጎብጥ እሱን በድምፅ ነው፣ እጀታውን ይዛችሁ ጎኑን በሌላ ብረት መታ ስታደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ካላወጣ ወይ ስንጥቅ አለው ወይ እጀታው ላልቷል። በመጨረሻ ጀርባውን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት፣ ከተጣመመ ይታያችኋል።

እጀታውን እዩ

ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻ መዝለቁን ተመልከቱ፣ ከላይም ከታችም የብረቱ መስመር መታየት አለበት፣ ምስማሮቹ ቢያንስ ሁለት፣ ሶስት ቢሆን ደስ ይላል። ብረቱ እጀታው ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ስትወዘውዙት አንድ ቀን ብረቱ ለብቻው ይበራል፣ እና የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። እንጨት ወይስ ፕላስቲክ ካላችሁኝ እንጨት፣ ምክንያቱም ከእጃችሁ ጋር እንዲስማማ መሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ትችላላችሁ፣ ሲሰበርም ማንም አናጺ ይቀይረዋል። ፕላስቲኩ ዝናብ አይፈራም፣ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀርለት ሹል ጠርዝ እጅ ውሃ ያስቋጥራል፣ ሲልብ ያንሸራትታል። ለሁለቱም የሳይክል የውስጥ ጎማ ቆርጣችሁ አጥብቃችሁ ብትጠመጥሙበት ርካሽና ምርጥ መያዣ ነው።

አሁን ወደ መሳሉ

አራት አማራጭ አለ፦ ሞረድ፣ ድንጋይ፣ ግራይንደር እና እየዞረ የሚሰራው ቢላ ሞራጅ። አምስተኛ፣ ያቺ ወጥ ቤት ውስጥ ቢላውን መሀሏ ጎትተው የሚያወጡባት ትንሽ ፕላስቲክ እቃ አለች፣ እሷን ለገጀራ አትጠቀሙ፣ ብረቱን ትቦጭቀዋለች እንጂ አትስለውም። የሲኒ ቂጥም ለሽንኩርት ቢላ ነው።

ግራይንደር ፈጣን ነው፣ ፈተናውም እዛ ላይ ነው። ቀጭን ጠርዝ በሰከንድ ውስጥ ይግላል፣ ብረቱ 230 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ገለባ የመሰለ ቢጫ ይሆናል፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። ሰማያዊ ካያችሁ እዛ ቦታ ላይ የነበረው ጥንካሬ ሄዷል፣ ምንም ያህል ብትስሉት ያቺ ቦታ ቶሎ ቶሎ ትደነዝዛለች፣ መፍትሄው ያንን ያህል ብረት ሞርዶ መጣል ብቻ ነው። ከየሱቁ ስር ግራይንደር ይዘው የሚስሉ ልጆች ጋ የወሰዳችሁት ገጀራ ለአንድ ቀን እንደ ምላጭ ሆኖ በነጋታው የሚሞትባችሁ ለዚህ ነው። ግራይንደር ጥርስ ያወጣ አሮጌ ገጀራ ለማስተካከል ወይም ጨርሶ ስለት ያልወጣለትን አዲስ ለመጀመር አንዴ ይጠቅማል፣ እሱም በመቁረጫው ዲስክ ሳይሆን የብርጭቆ ወረቀት በተደራረበበት ዲስክ፣ አጠገባችሁ ባልዲ ውሃ አድርጋችሁ፣ አንዴ ጠራርጋችሁ ነከር፣ አንዴ ጠራርጋችሁ ነከር። ጠርዙ በባዶ እጅ ሲነካ ማቃጠል ከጀመረ አቁማችሁ ንከሩት። መነፅር ሳታደርጉ ደሞ አትሞክሩት።

ቢላ ሞራጁ በእግሩ የሚያዞረው ድንጋይ ቀስ ስለሚል ከግራይንደር በጣም ይሻላል። ችግሩ ብዙዎቹ የለመዱት የወጥ ቤት ቢላ ስለሆነ ገጀራውንም እንደ ቢላ አሳስተው ይሰጧችኋል፣ ለሳር ምንም አይል፣ እንጨት ላይ ግን ይታጠፋል። "ለእንጨት ነው፣ ብዙ አታሳሳው" በሉት።

ድንጋይ ብቻውን ደንዝዞ የመጣ ገጀራ አይመልስም፣ ማለቴ ይመልሳል ግን ቀኑ ይመሻል። ቦታው ከሞረድ በኋላ ነው፣ ሸካራና ለስላሳ ጎን ያለው ትንሽ የመሳያ ድንጋይ ሞረዱ የተወውን ሸካራ ጠርዝ ያስተካክላል። ለሳር ስራ ይሄ ለውጥ አለው፣ ለእንጨት ብዙም አይታወቅም።

እና ሞረድ። አሸናፊው እሱ ነው፣ ለዛም ነው ከላይ ጀምሬ የጮህኩት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲም ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰመረውን ምረጡ፣ መስቀለኛ የተሰመረው ቶሎ ይበላል ግን ጠርዙን ሸካራ ያደርገዋል። እጀታ ግዙለት ወይም ከእንጨት ስሩለት፣ ያ ሹል ጭራው መዳፍ ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም። እጀታው ስር ደሞ ከወፍራም ቆዳ ወይ ከጀሪካን ክብ ቆርጣችሁ አስገቡበት፣ እጅ ሲያዳልጥ ጠርዙ ላይ እንዳያርፍ ይከላከላል። አሮጌ ዝገት የበላው ሞረድ "አሁንም ይሰራል" እያላችሁ አትታገሉ፣ ብዙ ሰው ገጀራዬ አልሳል አለኝ የሚለው የሞተ ሞረድ ይዞ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ገጀራውን ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ ሞርሳ ከሌለ አግዳሚ ወንበር ላይ አጋድማችሁ ጠርዙን ከወንበሩ ትንሽ አውጡና እጀታው ላይ በጉልበት ተጫኑ ወይም በገመድ ጠፍሩት። ዋናው እንዳይንቀሳቀስ ነው፣ በአንድ እጅ ገጀራ በሌላ እጅ ሞረድ ይዞ አየር ላይ መሳል የሚባለው ነገር ዲግሪውንም (ሞረዱ ጠርዙ ላይ የሚያጋድልበትን ማዕዘን ማለቴ ነው) ጣትንም ያበላሻል። ዲግሪውን ለማግኘት ሞረዱን ብረቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ 90 ነው፣ ግማሹን አውርዱት 45፣ የዛን ግማሽ 22 ገደማ፣ በቃ ለአብዛኛው ስራ እሱ ነው። ለእንጨት ትንሽ ቀና አድርጋችሁ 25 ወይ 30፣ ለሳር ብቻ ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ 18። ዲግሪያችሁን እንደጠበቃችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጠርዙን በማርከር ቀቡት፣ ሞረዱ ሲያልፍ ቀለሙ ከላይ በኩል ብቻ ከለቀቀ በጣም ዝቅ አድርጋችኋል፣ ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ ቀና አድርጋችኋል፣ ሙሉውን ካነሳው ልክ ናችሁ።

ሞረድ የሚበላው ሲገፋ ብቻ ነው። ሲመለስ አንሱት፣ እየጎተታችሁ መመለስ ጥርሱን ይጨርሰዋል እንጂ ምንም አይስልም። ረጅም፣ ቀስ ያለ ግፊት፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ እያሸጋገራችሁ፣ ድምፁን ስሙት፣ ሲበላ ወጥ የሆነ ድምፅ አለው፣ ሲንሸራተት ይጮሃል። ጥርሱ መሀል ብናኝ ሲሞላ በሽቦ ብሩሽ አራግፉት፣ ከመጀመራችሁ በፊት ነጭ ጠመኔ ብትቀቡት ብናኙ አይጣበቅም። በአንድ ጎን ደጋግማችሁ ስትሰሩ ከሌላኛው ጎን የጠርዙን ጫፍ ከጀርባ ወደ ውጪ በአውራ ጣት ስትዳብሱት (በጠርዙ ርዝመት አይደለም!) ስስ የታጠፈ ብረት ጣታችሁን ይይዛል። ያ ከእጀታ እስከ ጫፍ ከተሰማችሁ ያኛው ጎን አልቋል፣ ገልብጡት። ሁለተኛውን ጎን ስትጨርሱ በጣም ቀለል ባለ እጅ እየተፈራረቃችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ከዛ ድንጋዩን ማሳለፍ፣ አበቃ። ፀሐይ ላይ ጠርዙን ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁ እዩት፣ የተሳለ ጠርዝ አይታይም፣ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ እዛ ጋ ደንዟል ወይ ተሸርፏል።

ርዝመቱን ሙሉ አንድ አይነት መሳል አያስፈልግም። እንጨት ላይ የሚያርፈው ከጫፉ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ነው፣ እሱን ወፈር ባለ ዲግሪ ተዉት። እጀታው አጠገብ ያለውን ጥቂት ሳንቲም ለማሾልና ለመላጥ ስለምትጠቀሙበት ሳሳ አድርጉት። አንዳንድ ሰው ደሞ እጀታውን ተከትሎ ያለችውን ሁለት ሶስት ጣት ጨርሶ አይስላትም፣ አሳጥሮ ለመያዝ ይመቻልና፣ እሱም ያስኬዳል።

ስራ መሀል ላይ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ መሳል ማታ ሙሉ በሙሉ ከደነዘ በኋላ ከመታገል ይሻላል። ደንዝዞ የሚመታ ገጀራ ይንሸራተታል፣ የሚንሸራተተው ደሞ ብዙውን ጊዜ ወደ እግር ነው፣ ስለዚህ ስትመቱ የምትቆርጡት ነገር ከኋላው የእናንተ እግር እንዳይኖር፣ ሌላ ሰውም የተዘረጋ እጃችሁና ገጀራው ተደምረው ከሚደርሱበት በደንብ ርቆ ይቁም።

እንሰትና ሙዝ ላላቸው

ዝገት የማይነካው ገጀራ ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እንደ መመንጠሪያ አይሻልም፣ ርካሽ ላይ ያለው የማይዝግ ብረት ስለቱን ለመያዝ ከካርቦኑ ያንሳል። እንሰትና ሙዝ ላይ ግን ነገሩ ይቀየራል። ፈሳሻቸው የካርቦን ብረትን ያጠቁራል፣ እሱ እንኳ መልክ ብቻ ነው፣ ዋናው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይሄ ባክቴሪያ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ መቁረጫው ራሱ ነው፣ ሙዝንም ይይዛል፣ እና ጉራጌም ሲዳማም ከፋም ስንቱን ጓሮ ጨርሷል። የታመመ ቆርጦ ሳያፀዱ ወደሚቀጥለው መሄድ በሽታውን በገዛ እጅ መትከል ነው።

ለማፅዳት ሁለት ምርጫ አለ። እሳት ላይ ማሳለፍ፣ እጅ የማያስነካ እስኪሆን፣ ከዛ በላይ እስኪቀላ አይደለም፣ ከላይ ያልኩት የሙቀት ጉዳይ እዚህም ይሰራልና። ወይም በውሃ የተበጠበጠ በረኪና ውስጥ መንከር። በረኪናውን የማይዝገው ብረት ከካርቦኑ የተሻለ ይችለዋል። የካርቦኑን ግን ወዲያው ካላጠባችሁት፣ ካላደረቃችሁትና ዘይት ካልቀባችሁት በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ለእንሰት ስራ ብቻ የሚሆን አንድ የማይዝግ ርካሽ መቁረጫ ለብቻው መያዝ ጥሩ ነው፣ ከጎረቤት ጋር አለመዋዋስ ደሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ቅር ቢላቸውም።

ማስቀመጥና መያዝ

ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ቀለል ያለ ዘይት ቀቡ። የሞተር ዘይት ይሆናል፣ የሚበላ ነገር የምትቆርጡበት ከሆነ ቫዝሊን። የምግብ ዘይት ከርሞ ይጣበቃል። ሰገባ መግዛት አያስፈልግም፣ ቢጫውን ጀሪካን ጎኑን ቆርጣችሁ፣ ሙቅ ውሃ አፍስሳችሁበት ሲለሰልስ ገጀራው ላይ አጥፋችሁ በምስማር ወይ በሽቦ መያዝ ነው፣ ስፌቱ በጠርዙ በኩል ከሆነ ግን ገጀራው በልቶት ይወጣልና ወፈር ያለ ጎማ መሀሉ ጨምሩበት። መንገድ ላይ ተጠቅልሎ ነው መያዝ ያለበት። ገጀራ በሀገራችን መጥፎ ታሪክም ስላለው ራቁቱን ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሌላውን ተሳፋሪ ማስጨነቁ አይቀርም፣ ፖሊስ ቢያስቆመውም አይገርምም።

ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ ጓሮ ያላችሁ ሰዎች ከላይ ያለው ሁሉ ይሰራል፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ተክል በገጀራ አትምቱ። ዘይቱ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ከቀናት በኋላ ገጀራውን ስትጠርጉ እጃችሁን ያሳክከዋል። ከነካችሁት ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡት። ይዞ መንቀሳቀስ ላይ ሕጉ ከስቴት ስቴት፣ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የራሳችሁን እዩ።

እንግሊዝ ያላችሁ ደሞ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 ጀምሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ20 ሳንቲም በላይ ብረት፣ የተሳለ ጠርዝና ሹል ጫፍ ኖሮት በዛ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ከአንድ በላይ ቀዳዳ ወይም እሾህ መሳይ ነገር ያለበት አይነት ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ተከልክሏል። ኢንተርኔት ላይ "ሰርቫይቫል" ተብለው በፎቶ የሚያምሩት ብዙዎቹ ይሄንን ይመስላሉ፣ ለስራም አይረቡም፣ ጥርሱ ሐረግ ውስጥ ይሰነቀራል። ጌጥ የሌለውን ተራውን ግዙ። እሱንም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ወንጀል ነው፣ ስለዚህ የማኅበር ጓሮ ልትመነጥሩ ከሆነ ሰገባው ውስጥ አድርጋችሁ፣ ጠቅልላችሁ ከመኪናው ኋላ ጫኑት፣ ስራው እንዳለቀም ሌላ ቦታ ሳትዞሩ በቀጥታ ወደ ቤት።